ስኒው ሲወደድ ቡናው ለምን ረከሰ?

ጅማ ውስጥ ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ ቡና አምራች አባት አግኝታችሁ «ቡና የተዋረደው መቼ ነው?» ብትሏቸው፣ ብዙ ሳያስቡ 1993ን እና 1994 ዓ.ም.ን ይጠሩላችኋል። ለቃሚ የሚቀጠርበት ገንዘብ ከቡናው ዋጋ የበለጠበት፣ ቀይ እሸት ዛፉ ላይ ደርቆ የቀረበት ጊዜ ነው።

የሚገርመው፣ በእነዚያው ዓመታት ባሕር ማዶ ቡና ፋሽን ነበር። ሲያትልም ለንደንም ቶኪዮም የወረቀት ኩባያ ይዞ መንገድ ላይ መታየት ዘመናዊነት ነበር። አንዱ ኩባያ ሦስት ዶላር ገደማ ይሸጣል። ሰልፍም አለው።

መጠጡ እንዲህ ከተፈለገ ፍሬው እንዴት ረከሰ? ብዙ ሰው «ደላላ በላው» ብሎ ያልፈዋል። ደላላ የበላው አይጠፋም። ነገሩ ግን ከዚያ ይሰፋል፤ ዛሬም የፈረሱላ (የ17 ኪሎ) ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ ለምን እንደሆነ ለመረዳት ያ ዘመን ጥሩ ማስተማሪያ ነው።

ስለ ዓመተ ምሕረቱ አንድ ነገር። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። «የ2000ዎቹ መጀመሪያ» ስል በእኛ ከ1992 እስከ 1997 ያለውን ማለቴ ነው።

ያኔ ምን ይጠጣ ነበር?

ስታርባክስ በ1971 ሲያትል ውስጥ ሲከፈት የተቆላ ቡና የሚሸጥ አንድ ሱቅ ነበር። አክሲዮኑን ለሕዝብ የሸጠው በ1992 ነው። በ2000 ቅርንጫፎቹ 3,500 ገደማ ደረሱ፤ በ2005 ከ10,000 አለፉ። ፍራፑቺኖ የሚባለውን በበረዶ የሚፈጭ መጠጥ በ1995 አወጣ። ካራሜል ማኪያቶ በ1996፣ የዱባ ቅመም ያለው ላቴ (ወተት የበዛበት ቡና) ደግሞ በ2003 ተከተሉ። ሁሉም ቡና ይባሉ እንጂ ኩባያውን የሚሞላው ወተት፣ ስኳር፣ ሽሮፕና በረዶ ነው።

የጅማ ሰው ያንን ትልቅ ኩባያ ካራሜል ማኪያቶ ቢያይ «ይሄ ደግሞ ምኑ ነው ማኪያቶ?» ማለቱ አይቀርም። እኛ ጋ ማኪያቶ ትንሽ ብርጭቆ ናት። ጣሊያን በወረራው ዘመን ጅማን የደቡብ ምዕራቡ አስተዳደር ማዕከል አድርጓት ነበር፤ ሕንጻውን ትቶ ሲሄድ የኤስፕሬሶ ፍቅሩንም ትቶልን ሄዷል። ስለዚህ ቡናን ከወተት ማጋባት ለጅማ አዲስ ነገር አልነበረም።

ከቡና ውጭም የዘመኑ ፋሽን ብዙ ነው። ከታይላንድ መጠጥ ተቀድቶ በ1987 ኦስትሪያ ውስጥ የወጣው ሬድ ቡል በ1997 አሜሪካ ገባ፤ የ«ኃይል ሰጪ» መጠጥ ዘመን በእሱ ተከፈተ። አንዱ ጣሳ 80 ሚሊግራም ካፌይን አለው፤ ከአንድ ስኒ ቡና ብዙም የማይርቅ። ኮካ ኮላ በ2002 ቫኒላ ኮክን፣ ፔፕሲ በዚያው ዓመት ሰማያዊ ፔፕሲን አወጡ፤ ሰማያዊው ብዙ ሳይቆይ ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። የታሸገ ውሃና የታሸገ አረንጓዴ ሻይ የጤና ምልክት ሆኑ። ከታይዋን የመጣው ባለ ኳስ ሻይ ደግሞ በእስያውያን ሰፈሮች በኩል ምዕራቡን መልመድ ጀመረ።

እኛ ጋስ? ጭማቂ ቤት ነበር፤ አቮካዶ፣ ማንጎና ፓፓያ ሳይቀላቀሉ የሚደራረቡበት ስፕሪስ። አቮካዶው ከጓሮ ስለሚመጣ ጅማ ላይ ስፕሪስ በማንኪያ እንጂ በስትሮ የሚጠጣ አይደለም። የታሸገ ውሃም በየሱቁ መደርደር ጀምሮ ነበር፤ ባዶ ላስቲኩ ዘይት መግዣ፣ ማር መያዣ ሆኖ እስኪበጣጠስ ያገለግላል። በ1993 የተከፈተው የበደሌ ቢራ ፋብሪካም ለጅማ ጎረቤት ነው። ወደ ቡናው እንመለስ።

ስኒው ውስጥ ያለው ቡና ስንት ነው?

አንድ ስሌት እንስራ። የዓለም አቀፉ ቡና ድርጅት የሁለቱን የቡና ዓይነቶች፣ የአረቢካን (የእኛው ዓይነት ነው) እና የሮቡስታን፣ ዋጋ አቀላቅሎ አንድ አማካይ ዋጋ ያወጣል። በ2001 ይህ አማካይ ለአንድ ፓውንድ ከ46 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ነበር። ፓውንድ ግማሽ ኪሎ አይሞላም፤ ወደ ኪሎ ሲለወጥ አንድ ዶላር ገደማ ይሆናል። በጊዜው ምንዛሪ ስምንት ብር ከምናምን። ይሄ እንግዲህ የዓለም ገበያ ዋጋ ነው። ገበሬው እጅ የሚገባው ከዚህ ላይ የሰብሳቢው፣ የአቅራቢው፣ የላኪው፣ የመኪናውና የጆንያው ተቀንሶ ነው።

አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ሲቆላ ከ15 እስከ 20 በመቶ ክብደቱን ያጣል። 820 ግራም ተረፈ እንበል። አንድ ትልቅ ላቴ 16 ግራም ያህል ይወስዳል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ወደ 50 ኩባያ ያወጣል። በሦስት ዶላር ሲሸጥ 150 ዶላር ነው። የአንድ ዶላር ቡና፣ የ150 ዶላር ሽያጭ። በአንዱ ኩባያ ውስጥ ያለው ጥሬ ቡና ሁለት ሳንቲም ብቻ።

ቆይ፣ ለፍትሕ ያህል። ጥሩ አረቢካ ከአማካዩ በላይ ይሸጥ ነበር፤ ሻል ያሉ ካፌዎችም ከገበያው በላይ ከፍለው የሚገዙት ነበራቸው። ሦስት እጥፍ ተከፈለ ብንል እንኳ ስድስት ሳንቲም ነው። የቀረው 149 ዶላርም ሁሉ ትርፍ አይደለም። የከተማ መሐል የቤት ኪራይ አለ፤ የሠራተኛ ደሞዝ አለ፤ ማስታወቂያ አለ፤ ወተት አለ። ኩባያው ውስጥ ወተቱ ከቡናው ይወደዳል። ክዳን ያለው የወረቀት ኩባያ ራሱ ሁለት ሳንቲም ከሆነው ቡና ሊበልጥ ይችላል።

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። የጥሬ ቡና ዋጋ በእጥፍ ቢጨምር ሦስት ዶላሩ ሦስት ዶላር ከሁለት ሳንቲም ይሆናል። በግማሽ ቢወርድ አንድ ሳንቲም ይቀንሳል። ጠጪው ሁለቱንም አያስተውልም። ካፌው የሚሸጠው በዋናነት ቦታ፣ ጊዜ፣ ጣፋጭ ነገርና ስም ነው። ቡናው መግቢያ ትኬት ነው። ስለዚህ የስኒው ገበያና የጆንያው ገበያ ሁለት የተለያዩ ገበያዎች ናቸው። አንዱ ሲሰክር ሌላው ጾሙን ሊያድር ይችላል።

ጆንያውን ማን አረከሰው?

ታሪኩ ከ1962 ይጀምራል። አምራችና ገዢ አገሮች ስምምነት ፈርመው እያንዳንዱ አምራች ለገበያ የሚያወጣው ቡና በኮታ እንዲወሰን አደረጉ። አሜሪካ የተስማማችው ለገበሬ አዝና ብቻ አልነበረም። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ላቲን አሜሪካ ከደኸየ ወደ ኮሙኒዝም ያዘነብላል የሚል ፍርሃት ነበረባት። በ1980ዎቹ ኮታው የአንዱን ፓውንድ ዋጋ ከ1 ዶላር ከ20 እስከ 1 ዶላር ከ40 ሳንቲም ባለው መስመር አካባቢ ለማቆየት ይጥር ነበር። በሐምሌ 1989 ስምምነቱ ፈረሰ። በጥቂት ወራት ውስጥ ዋጋው ግማሽ ያህሉን አጣ። መጋዘን የታጨቀው ሁሉ ነበር ወደ ገበያ የጎረፈው።

ከዚያ ብራዚል መጣች። በ1994 ክረምቷ ሁለት ጊዜ ውርጭ መታት፤ ዋጋው ተተኮሰ። በ1997 የዓለም የአረቢካ ዋጋ በሚወጣበት በኒውዮርክ ገበያ ፓውንዱ ከ3 ዶላር አልፎ ነበር። ይህንን የሰማ የዓለም ገበሬ ሁሉ ምን አደረገ? ተከለ። ብራዚልም አዲሱን ተክል ውርጭ ወደማይደርስበት ወደ ሰሜን ገፋችው።

ቡና ደግሞ በቆሎ አይደለም። ተክለህ ደህና ምርት ለመልቀም ሦስት አራት ዓመት ትጠብቃለህ። በ1995 በጥሩ ዋጋ ተማርኮ የተተከለው ችግኝ ፍሬ የሚያወርደው በ1999 ነው። ያኔ ደግሞ ሁሉም አብሮ ያወርዳል። ዋጋው ወደቀ ብለህ ዛፉን «ዘንድሮ አታፍራ» አትለውም። ጤፍ ያልከፈለው በሚቀጥለው ዓመት ማሽላ ይዘራል፤ ቡና የያዘ ገበሬ ግን የሃያ ሠላሳ ዓመት ቃል ነው የገባው። የቡና ዋጋ አንዴ ሰማይ፣ አንዴ ምድር የሚሆንበት ትልቁ ምክንያት ይሄ መዘግየት ነው።

በዚህ ላይ በጥር 1999 የብራዚል ገንዘብ ዋጋውን አጣ። ቡናው በዶላር ቢረክስም ብራዚላዊው አምራች በራሱ ገንዘብ ሲመነዝረው ኪሳራው ቀለለለት። መሸጡንም ቀጠለ።

ቬትናምን ሁሉም ይወቅሳታል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከአንድ ሚሊዮን ጆንያ ብዙም የማይበልጥ ቡና ታመርት ነበር፤ ጆንያው 60 ኪሎ ነው። በ2000 ከ14 ሚሊዮን አለፈች። ኮሎምቢያን ቀድማ ሁለተኛ ሆነች። አብዛኛው ሮቡስታ ነው፤ መራራ፣ ርካሽ፣ በሽታ የሚችል። እኔ ወቀሳው ብዙም አይዋጥልኝም። ደጋማው ማዕከላዊ ክፍል ላይ የሰፈሩት ገበሬዎች ጅማ ዙሪያ እንዳሉት እንደ ጎማ ወይም እንደ ማና ወረዳ ገበሬ ትንሽ ማሳ ያላቸው ናቸው። ዋጋው ሲወድቅ አብረው ነው የወደቁት።

ፋሽኑ ትርፉን ቡና ለምን አልጠጣውም?

ቡና ሲረክስ ሰው በእጥፍ አይጠጣም። በቀን ሁለት ስኒ የለመደ ሁለት ስኒውን ነው። የዓለም ፍጆታ ቀስ እያለ ያድጋል እንጂ አይዘልም። የላቴው ፋሽን ያደረገው፣ ቤቱ ቆርቆሮ ከፍቶ ያፈላ የነበረውን ሰው ወደ ካፌ ማውጣት ነው። የጠጣው ቡና መጠን ብዙም አልተለወጠም፤ የከፈለው ገንዘብ ግን በብዙ እጥፍ ጨመረ። ወጣቱም ጠዋት ላይ ሬድ ቡል ወይም ኮካ የሚመርጥ እየሆነ ነበር።

ሌላው ጉዳይ ገዢው ነው። በጊዜው ከዓለም ቡና ትልቁን ድርሻ ቆልተው የሚሸጡት ክራፍት፣ ኔስሌ፣ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል እና ሳራ ሊ ነበሩ። ሻጩ ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠር ገበሬ። ቆልተው የሚሸጡት ኩባንያዎች ሮቡስታን በእንፋሎት አጥበው ምሬቱን መቀነስ ተምረው ነበር። በድብልቁ ውስጥ ሮቡስታውን ከፍ፣ አረቢካውን ዝቅ ማድረግ ቀላል ሆነ። በጣም የጠቆረ አቆላልና ብዙ ወተት ደግሞ የቀረውን ጉድለት ይሸፍናል። ቫኒላና ካራሜል ሲጨመርበት ቡናው ከጅማ ይምጣ ከሌላ ማን ይለየዋል?

ጅማን በተለይ የጎዳት ይሄኛው ነው።

ጀንፈል ቤት ውስጥ

በጅማ ዙሪያ ገበሬው ቡናውን በጆንያ ጀንፈል አድርጎ ቤቱ ያስቀምጣል። ጀንፈል ከነገለባው የደረቀ ቡና ነው፤ ስታንቀጠቅጠው ውስጡ ፍሬው ይንኳኳል። ሁለት ኪሎ ጀንፈል ሲፈለፈል አንድ ኪሎ ገደማ ንጹህ ቡና ይወጣዋል። ጀንፈል ቶሎ አይበላሽም፤ ስለዚህ ባንክ ነው። ለልጅ ደብተር፣ ለሰርግ፣ ለሕክምና አንድ ፈረሱላ እየተሸከመ ወደ ሰብሳቢው ይሄዳል። ልማዱ «ዋጋ እስኪነሳ ማቆየት» ነው። ዋጋው ዓመት ከዓመት ሲወርድ ግን ማቆየቱ ራሱ ኪሳራ ሆነ። ያቆየው ሰው ካላቆየው ባነሰ ዋጋ ሸጠ።

ከሰብሳቢው ወደ አቅራቢው፣ ከአቅራቢው አዲስ አበባ ወዳለው ጨረታ፣ ከዚያ ወደ ላኪው ይሄዳል። የምርት ገበያው ገና አልተወለደም፤ ሥራ የጀመረው በ2008 ነው። መንገድ ላይ የጎማው ከማናው፣ የጌራው ከሌላው ይደባለቃል። በጸሐይ የደረቀው ቡና መጨረሻ ላይ «ጅማ 5» የሚባል ዝቅ ያለ ደረጃ ተለጥፎበት ይወጣል። ገዢው ይህን የሚያውቀው ድብልቅ ማሟያ አድርጎ ነው። ዋጋው የሚወሰነውም ኒውዮርክ ላይ ካለው ዋጋ ይህን ያህል ሲቀነስ ተብሎ ነው። ኒውዮርክ 50 ሳንቲም ከሆነ፣ ከ50 ሳንቲም ላይ ነው የሚቀነሰው።

ሐረርጌ ላይ ቡና ነቅሎ ጫት መትከል የዘመኑ ዜና ነበር። ጅማም አልተረፈችም፤ ጫቱ በየጓሮው ተስፋፋ። በማን ይፈረዳል? ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፤ ገንዘቡ ዕለቱን እጅ ይገባል፤ ሦስት ዓመት ጠብቀኝ አይልም። በአገር ደረጃም ከወጪ ንግድ ገቢ ከ60 በመቶ በላይ ይዞ የነበረው ቡና በጥቂት ዓመት ውስጥ ከ40 በመቶ በታች ወረደ።

ከሁሉ የሚያስቀው፣ የሚያስቅ ከሆነ፣ ለውጭ ገበያ የደረሰ ቡና አገር ውስጥ እንዳይሸጥ ይከለከል ነበር። ከአገሪቱ ምርት ግማሽ ያህሉን የምንጠጣው ራሳችን ነን። ስለዚህ ከተሜው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ የሚያጣጥመው ብዙ ጊዜ ለውጭ ገበያ አይሆንም ተብሎ የተመለሰውን ነው።

ስም ያለው ቡና

በዚያው ዘመን ግን ከዚህ ዓይነቱ ገበያ ያመለጠ ቡናም ነበር። በ2004 ፓናማ ውስጥ ሀሲየንዳ ላ ኤስሜራልዳ የሚባል እርሻ ጌሻ የተባለ ዝርያ አወዳድሮ አሸነፈ። በጨረታ ፓውንዱ 21 ዶላር ተሸጠ፤ ያኔ ክብረ ወሰን ነው። የዓለም አማካዩ ገና ከዶላር በታች በነበረበት ጊዜ! ጌሻ ደግሞ ከየት መጣ? ከጅማ በቦንጋ አድርገው ወደ ሚዛን ሲወርዱ ካለው የደቡብ ምዕራብ ጫካ ነው። ዘሩ በ1930ዎቹ ተለቅሞ በምሥራቅ አፍሪካ፣ ከዚያ በኮስታሪካ የምርምር ጣቢያ አልፎ ፓናማ ደረሰ።

በዚያው በ2004 የብራዚል ተመራማሪዎች ካፌይን በተፈጥሮው የሌለው ያህል ያነሰበት አረቢካ አገኘን ብለው ኔቸር መጽሔት ላይ አወጡ። ካፌይን አልባ ቡና በምዕራቡ ትልቅ ገበያ ነው፤ ካፌይኑን ለማውጣት ደግሞ ማሽን፣ ብዙ ጊዜም ኬሚካል ያስፈልጋል። ሦስቱ ዛፎች የተገኙት ከብዙ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ ከተወሰደ ዘር ነው። «የእኛን ዘር ይዛችሁ ነው» የሚል ቁጣ ተነሳ። መልኮ ያለው፣ በ1967 የተቋቋመው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የቡና ዝርያ ሰብስቦ የሚጠብቅበት አንዱ ምክንያት እንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገር ውስጥ ሲገባ የሚቋቋሙ ዝርያዎች የተመረጡት ከዚሁ ሀብት ነው።

መንግሥት በ2005 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። ከስታርባክስ ጋር ክርክሩ ጦፈ፤ በሰኔ 2007 ተስማሙ። በዚያ የመጀመሪያ ዝርዝር ጅማ የለችም። የቡና መገኛ ነን እያልን ስንፎክር፣ ስማችን ገበያ ላይ የሚታወቀው ከደረጃ 5 ጋር ተጣብቆ ነበር።

ነገሩ ሲለወጥ የተለወጠው አጋሮ አካባቢ ነው። ከ2010 ገደማ ጀምሮ የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት የእሸት ማጠቢያ ጣቢያ ተከሉ። ያው ዛፍ፣ ያው አፈር ነው። ልዩነቱ ቀይ የሆነውን ብቻ መልቀም፣ በዕለቱ መፈልፈልና ማጠብ፣ ከዚያ መሬት ላይ ሳይሆን ከፍ ባለ የሽቦ አልጋ ላይ እያገላበጡ ማድረቅ ነው። ዱሮሚና የተባለው ማኅበር ቡና በ2012 በአፍሪካ የቡና ቅምሻ ውድድር አንደኛ ወጣ። ከዚያ በኋላ የአጋሮ ቡና የገዛ ሰው ከጆንያው ላይ የማኅበሩን ስም ያነባል።

ዛሬ የፈረሱላ ዋጋ ስትሰሙ

ዋጋው ከ2004 በኋላ ቀስ በቀስ አገገመ። በ2011 ኒውዮርክ ላይ አረቢካ 3 ዶላር ነካ፤ በየካቲት 2025 ከ4 ዶላር አለፈ። ያንኑ ስሌት በዚህ ክብረ ወሰን እንሞክረው። ኪሎው 9 ዶላር ገደማ ይሆናል፤ ለ50 ኩባያ ሲካፈል 18 ሳንቲም። ላቴው ራሱ ዛሬ አምስት ዶላርና ከዚያ በላይ ነው።

ስለዚህ ጅማ ገበያ ላይ «ቡና ጨመረ» ሲባል ሦስት ነገር ነጥሎ ማየት ይጠቅማል። አንደኛው ኒውዮርክ ነው፤ ብራዚል ውርጭ ወይም ድርቅ ሲመታት ይጨምራል፤ እኛ ምንም አላደረግንም። ሁለተኛው ምንዛሪው ነው። ብር በሐምሌ 2024 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያው ዶላር ብዙ ብር ይመነዘራል፤ ጭማሪው የቡና ይመስላል፤ ማዳበሪያውም ዘይቱም ግን አብረው ጨምረዋል። ሦስተኛው ከኒውዮርኩ ዋጋ ላይ ለጅማ የሚጨመረው ወይም የሚቀነሰው ነው። ድሮ ይቀነስ ነበር። ዛሬ ደህና ታጥቦ ስሙን ይዞ ለወጣ ይጨመርለታል፤ መሬት ላይ ደርቆ ተደባልቆ ለወጣው ጅማ 5 ግን ቅናሹ ይመለሳል። አንድ አምራች ማኅበር ከላኪው ጋር ሊከራከርበት የሚችለው በዚህ በሦስተኛው ላይ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ሲደራደር የኒውዮርኩን የዕለት ዋጋ በስልኩ ከፍቶ መያዝ ይኖርበታል።